የተጣለ የጋሪ ፈረስን ከቤት ፈረሶች ጋር ስለ መቀላቀል፦ ጋጣው የመጨረሻው ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው እንጅባራ አቅራቢያ ይኖራሉ። አራት ፈረሶች አሏቸው፦ አንዲት አሮጊት ባዝራ፣ የእርሷ ልጅ የሆነች ሌላ ባዝራ፣ የዚህችኛዋ ውርንጭላና የሚጋልቡት ሰንጋ። ከአምስት ቀን በፊት ዳንግላ መንገድ ዳር ተጥሎ ያገኙትን ዳማ የጋሪ ፈረስ ወደ ቤት አመጡ። ጎድኑ ይቆጠራል፣ ጀርባው ገጣባ ነው፣ ግራ ዓይኑ አያይም። ባለቤታቸው አዝነውለት ጠዋትና ማታ ገብስ ይሰጡታል። በሦስተኛው ሌሊት ጅብ ፈርተው ከሌሎቹ ጋር አንድ ጋጣ ውስጥ አሳደሩት፤ ሰንጋው ጥግ አስገብቶ ሲረግጠው አደረ። ጎረቤታቸው "ተዋቸው፣ ይለማመዳሉ" ይላቸዋል። እርሳቸው ደግሞ መቼና እንዴት ልቀላቅለው፣ ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ከሰንጋው ጋር ላወጣው እችላለሁ ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

ጤና ይስጥልኝ። ስላነሱት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜውን ሙሉ ጋሪ ጎትቶ ሲደክም መንገድ ዳር የሚቀር ፈረስ በየከተማችን አለ፤ ሌሊቱን ጅብ ምን እንደሚያደርገውም በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ እንኳ ሲነሳ ስሰማ ከልቤ ደስ ይለኛል።

ስለ መቀላቀሉ ከመናገሬ በፊት ዛሬውኑ መሆን ያለበት ነገር አለ። ገብሱን ያቁሙ። ባለቤትዎ ያደረጉት ከርኅራኄ ነው፣ ማንም ያደርገዋል፤ ግን ለረጅም ጊዜ የተራበ ፈረስ እህል ማግኘት በጀመረ ከ3 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። እርስዎ አምስተኛው ቀን ላይ ነዎት። የተራበ አካል የገዛ ስቡንና ጡንቻውን እየበላ ነው የሚቆየው። እህሉ ድንገት ሲገባ ደሙ ውስጥ ስኳር ይበዛል፣ ስኳሩን ተከትሎ ኢንሱሊን ይነሳል፣ ኢንሱሊኑ ደግሞ ደም ውስጥ የቀረውን ጥቂት ፎስፈረስ፣ ማግኒዥየምና ፖታሺየም ጠራርጎ ወደ ሕዋሳት ያስገባዋል። ልብም ሆነ የመተንፈሻ ጡንቻ ያለ እነዚህ አይሠራም። ፈረሱ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል፣ ተመልሶ አይነሳም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ባለፈረስ እንዲህ ያለ አጥንቱ የወጣ ፈረስ ይዞ መጥቶ "ምን ላብላው?" ሲለኝ "ያለህን አትሰስተው" ብዬ መለስኩት። ገብሱንም ፉርሽካውንም በገፍ አበላው። በስድስተኛው ቀን ሞተ። የገደለው የእኔ ምክር ነው። ያ ፈረስ ዛሬም ይታወሰኛል፤ ገብሱን ከሁሉ ያስቀደምኩትም ስለ እርሱ ነው።

ካሊፎርኒያ ዴቪስ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የተራቡ ፈረሶችን በተለያየ መኖ እያነሡ ሲያወዳድሩ የተሻለ ሆኖ የተገኘው በጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሰጥ አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ነው። ስታርቹ ትንሽ ነው፣ ፎስፈረሱና ማግኒዥየሙ ብዙ ነው። 450 ኪሎ ለሚመዝን ትልቅ ፈረስ በየ4 ሰዓቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ተሰጥቶ ይጀመራል። የእኛ አገር ፈረስ የዚያን ግማሽ ያህል ቢመዝን ነው፤ ስለዚህ ሩብ ኪሎ በየ4 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። ከሦስት ቀን በኋላ በጥቂቱ ይጨምራሉ፣ በአሥር ቀን ገደማ ጊዜውን አራርቀው በአንድ ጊዜ የሚሰጡትን ያበዛሉ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልቡ ይብላ። አልፋልፋ ያበቀለ ጎረቤት ከሌለ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ቅጠል የበዛበት የሣር ድርቆሽ ይሁን። የጤፍ ጭድ ይቆይ። አተላና የኑግ ፋጉሎ ለጥቂት ሳምንታት አይቅመስ። ውኃና ጨው ግን ሁልጊዜ ፊቱ ይኑር። ካንቀጠቀጠው፣ መቆም ካቃተው፣ ወይም የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ወደኋላ ተደግፎ ከቆመና ሰኮናው ከተኮሰ፣ ነገ ሳይሉ በዚያው ሰዓት ሐኪም ይጥሩ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ።

ጎረቤትዎ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ፈረሶች መለማመድ ያውቁበታል፤ ለዚያ ግን መሸሻ ቦታና ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ሜዳ ላይ ሰንጋው ጆሮውን ወደኋላ ሲያጋድም እንግዳው አሥር እርምጃ ይርቃል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። በጋጣ ውስጥ ግን አሥር እርምጃ የለም። እንግዳው ቢፈልግም "እሺ፣ አንተ ትበልጣለህ" ብሎ መራቅ አይችልም፤ ግድግዳው ያቆመዋል፤ ሰንጋው ደግሞ አልርቅ ያለው ይመስለዋልና ይደግመዋል። እኔ ካየኋቸው ክፉ ጉዳቶች አብዛኞቹ የደረሱት በጋጣ ጥግ፣ በግርግም ዙሪያና በችካል በታሰረ ፈረስ ላይ ነው። አንዱን አልረሳውም፦ ሦስት ፈረሶች ባሉበት ጠባብ ቤት ያሳደሩት እንግዳ ጠዋት የኋላ እግሩ ከጉልበት በታች ተሰብሮ ተገኘ፤ ስቃዩን ለማሳጠር ከመግደል በቀር ምንም ልናደርግለት አልቻልንም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። እኛ ጎጃሞች ጅብ ስላለብን ከሁሉ አስቀድመን የምናስበው ማደሪያውን ነው፤ እንግዳ ፈረስ ሲመጣም መጀመሪያ ጋጣ እናስገባዋለን፣ ሜዳው ይከተላል። መሆን ያለበት በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ በሩቅ መተያየት፣ ቀጥሎ በአጥር ማሽተት፣ ቀጥሎ ሰፊ መስክ ላይ አብሮ መጋጥ፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ከሁሉ በኋላ ጋጣ።

"ታዲያ እስከዚያ ጅቡስ?" ይሉኛል። ከከብቶቹ ጋር ያሳድሩት። ከመንገድ የተነሳ ፈረስ ይዞት ሊመጣ የሚችለው ተላላፊ በሽታ፣ የፈረስ ጉሮሮ እባጭ፣ ወደ ላም አይተላለፍም፣ ላምም ሰንጋው ያደረገውን አታደርገውም። ተዋጊ በሬ ካለ ብቻ በግንድ ይከልሉለት። ብቻውን ከማደር ከላም አጠገብ ማደር ያረጋጋዋል፤ ፈረስ ብቻውን መሆን የሚያስፈራው እንስሳ ነው። ከአህያ ጋር ግን አያሳድሩት፤ አህያ የፈረስን በሽታ ትጋራለች።

በሽታ ይዞ እንደሆነ እስኪታወቅ ይህ ከከብት ጋር የሚያድርበት ጊዜ ቢያንስ አራት ሳምንት ነው። አንድ ሌሊት አብረው ስላደሩ አራቱም ፈረሶች ተጋልጠዋል ብለን እንነሳ፤ ቆጠራውም ከዚያች ሌሊት ይጀምራል። ከፋርማሲ አንድ ቴርሞሜትር ገዝተው የአምስቱንም ሙቀት ጠዋትና ማታ ይለኩ። የደኅና ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ስትራንግልስ የምንለው የጉሮሮ እባጭ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል፤ መጀመሪያ ትኩሳት፣ ከዚያ ወፍራም ንፍጥ፣ ከዚያ ከመንጋጋ ሥር የሚያብጥና መግል የሚያፈስ እብጠት። ውርንጭላዋን ከሁሉም በላይ ይጠብቁ፤ ይህ በሽታ የሚበረታው በልጆቹ ላይ ነው። የዳማው ባልዲ፣ ገመድና ብሩሽ የራሱ ይሁን። ያ ባልዲ ለሌላ ቢያስፈልግ በበረኪና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። እርስዎም መጀመሪያ የቤቱን ፈረሶች አብልተው ወደ እርሱ ይሂዱ፣ ተመልሰው አይምጡ። ወደ ወል ግጦሽና ወደ ወል ውኃም አይውጣ፤ የእርስዎን ፈረሶች እየጠበቁ የጎረቤትን ማስያዝ አይገባም።

የጋሪ ፈረስ ስለሆነ ሌላም የምፈራው አለ፤ ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ። በእግሩ፣ በደረቱ ወይም በአንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተከታትለው የሚወጡ፣ እየፈነዱ መግል የሚያፈሱ እባጮች ካዩ እርሱን ይጠርጥሩ። የሚያመጣው ሻጋታ ነው፤ በቁስል፣ በዝንብ፣ በጋራ ኮርቻና በጋራ ግላስ ይሄዳል። እስኪታይ ወራት ሊፈጅ ይችላልና አራት ሳምንት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ከአራት ሳምንት በኋላም እስከ ስድስት ወር ድረስ ባሻሹት ቁጥር ቆዳውን በመዳፍዎ ይዳስሱ፣ የሰንጋውንም ኮርቻና ግላስ በፍጹም አይጫኑት። ገጣባው እስኪድን ዝንብ እንዳያርፍበት ማድረግ ለእርሱም ለሌሎቹም ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረው በየቀኑ ይጠቡት። የተቃጠለ የመኪና ዘይት አይቀቡት፣ በብረት አይተኩሱት። ቁስል ያለበት ፈረስ ለቴታነስ ቅርብ ነውና ሐኪሙ ሲመጣ መርፌውን ይጠይቁለት። የሆድ ትል መድኃኒቱንም ሐኪሙ ይምረጥ፤ እንደዚህ ለከሳ እንስሳ በግምት አይሰጥም። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ደግሞ በንክኪ ስለማይተላለፍ ከዳማው መምጣት ጋር አያይዘው አይፍሩት፤ የሚያመላልሱት በምሽትና በሌሊት የሚነድፉ ደቃቅ ትንኞች ናቸው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ አራቱ ካልተከተቡ ወረዳውን ይጠይቁ።

አንድ ነገር አልነገሩኝም፦ ዳማው ድንጉላ ነው ወይስ የተኮላሸ? ይዩት። ድንጉላ ከሆነ ሁለት ባዝራ ካሉበት ጋር አይቀላቀልም፣ ሰንጋውም አያርፍም። ይህን ሁሉ አዘግይተው፣ መጀመሪያ ሥጋ ይሰብስብ፣ ከዚያ ዝንብ በሚቀንስበት ወቅት ሐኪም በሰመመን ያኮላሸው። እንደ በሬ በቡርዲዞ፣ ማለትም በማኮላሻ ጉጠት፣ አይሞከርም። ከተኮላሸ በኋላም ዘር ለሳምንታት ሊቀርበት ስለሚችል ከባዝራዎቹ ቢያንስ አንድ ወር ይራቅ። ከዚህ በታች የምለው የተኮላሸ ነው ብዬ ነው።

አራቱ ሳምንት በሰላም ካለፈ በሦስትና አራት አግድም ግንድ የተሠራ አጥር ግቢው ውስጥ ያቁሙ። የባሕር ዛፍ ይበቃል፣ ቁመቱ እስከ ደረታቸው ይድረስ፣ በግንዶቹ መካከል ሰኮና ገብቶ የሚቀረቀርበት ክፍተት አይኑር። የእሾህ ሽቦ በጭራሽ። በቀን በዚህ ማዶና በዚያ ማዶ ሆነው አምስት፣ ሰባት ቀን ይቆዩ። አፍንጫ ለአፍንጫ ሲነካኩ አንዱ ይጮኻል፣ በፊት እግሩ መሬቱን ይመታል። ይህ ሰላምታቸው ነው፤ አይደንግጡ፣ በዱላም አይግቡ። የምንጠብቀው ይህ ጩኸት ቀን በቀን እያጠረ መሄዱንና በአጥሩ ግራና ቀኝ ጎን ለጎን ሆነው ድርቆሽ መብላታቸውን ነው።

የመጀመሪያ ጓደኛው አሮጊቷ ትሁን። ብዙ ሰው ቁጣው ቶሎ ይብረድለት ብሎ ከሰንጋው ይጀምራል፤ እኔ አልመክርም። አሮጊት ባዝራ የምትጠብቀው ልጅ ከሌላት አብዛኛውን ጊዜ በጆሮዋ ብቻ ሥርዓት ታስይዛለች፣ አታሳድድም። ሁለቱን ብቻ፣ ሌሎቹ በማይታዩበት መስክ፣ ጠዋት፣ ሁለቱም ድርቆሽ በልተው ከጠገቡ በኋላ ይልቀቋቸው። የተራበ ፈረስ ለሣር ይጣላል። ጠዋት የምለው ቀኑ ሙሉ ፊትዎ ስላለ ነው፤ ሊመሽ ሲል የተቀላቀለ ፈረስ ሳይግባባ ጋጣው ይደርስበታል።

ገመድ የሚባል ነገር አይኑርበት። የታሰረ አይሸሽም፣ የሚጎተት ገመድ ያለበትም ይጠለፋል። ዳማው በግራው አያይም፣ ያውም በጋሪ ላይ ዕድሜውን በዓይን ከለላ የኖረ ነው። የሌላውን ጆሮ ካላየ ማስጠንቀቂያው አልደረሰውም ማለት ነው፤ እርግጫው ሲመጣበት "ከየት መጣ?" ነው የሚለው። ይህን ስለማያስቡ ብዙዎች "እንግዳው ደፋር ነው፣ አይፈራም" ይላሉ፤ ደፍሮ አይደለም፣ አላየም። ስለዚህ መስኩ ላይ ሲያገቡት ቀኝ ዓይኑ ወደ ባዝራዋ እንዲሆን አድርገው ያስገቡት፣ ከመልቀቅዎ በፊትም ብቻውን መስኩን ዞሮ ጉድጓዱንና ድንጋዩን እንዲያውቀው ግማሽ ቀን ይስጡት። እርስዎም ሲቀርቡት በግራው በኩል ከሆነ ድምፅዎ ይቅደም።

ከአሮጊቷ ጋር ሦስት አራት ቀን ከሰነበተ ሰንጋው ይምጣ፤ ያኔ ደግሞ ባዝራዎቹ ሁለቱም አይኑሩ። ሰንጋው ክፉ ሆኖ አይደለም ያን ሌሊት የረገጠው። ቤቱ ነው፣ መኖው ነው፣ ባዝራዎቹም "የእርሱ" ናቸው። የሚጠብቀው ነገር በሌለበት ሜዳ ሲያገኘው ሌላ ፈረስ ይሆንብዎታል። ያሳድደዋል፤ ጥቂት ርቀት በሶምሶማ አሳድዶ ቆሞ ሣሩን ከቀመሰ ጥሩ ነው። ሳያቋርጥ በደንገላሳ ካሳደደው፣ ዞሮ ዞሮ ወደ ጥግ ካስገባው፣ ጀርባውን ሰጥቶ እየተጠጋ በሁለት እግሩ ደጋግሞ ከረገጠው፣ ወይም ዳማው አልቦት መጋጡን ከተወ፣ ያለያዩዋቸውና ወደ አጥሩ ይመለሱ። ሲያለያዩዋቸው በመካከላቸው አይግቡ፤ የድርቆሽ ቅርጫት ይዘው ሰንጋውን በስሙ ይጥሩት። ሽንፈት አይደለም፣ አንዳንዱ ሁለቴ ሦስቴ ይመለሳል።

እናትና ውርንጭላ መጨረሻ ይቀላቀሉ፤ እናት ለልጇ ስትል ከሰንጋው ትብሳለች። ውርንጭላዋ እንግዳውን ስታይ አፏን ከፍታ ጥርሷን ስታጋጭ ቢያዩ ልጅ ነኝ ማለቷ ነው፣ ልትነክሰው አይደለም።

ድርቆሹን ሁልጊዜ ከፈረሶቹ ቁጥር በአንድ አብልጠው ይከምሩት፦ ለአምስት ፈረስ ስድስት ክምር፣ ከክምር እስከ ክምር ስምንት አሥር ሜትር። ሰንጋው ሁለቱን መጠበቅ ይችላል፣ ስድስቱን አይችልም። ውኃም ሁለት ቦታ ይሁን። እንግዳ ፈረስ ሳይጠጣ መዋሉን የሚያውቅ ባለቤት ጥቂት ነው፤ ሌሎቹ ገንዳው ዙሪያ ቆመው ብቻ ይከለክሉታል፣ ጩኸትም እርግጫም የለውም። ማታ ለብቻው ሲያጠጡት ባልዲውን በአንድ ትንፋሽ ከጨረሰ ቀን ተከልክሎ ውሏል።

ስለ ጥር 23 ልቤ ከእርስዎ ጋር ነው። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ላይ፣ ያ ሁሉ ባለ ጌጥ ፈረስ ባለበት፣ ከመንገድ የተነሳ ዳማ ቢታይ እኔም ደስ ባለኝ። ግን ሁለት ወር ተኩል ነው የቀረው። እንደዚህ የከሳ ፈረስ ሥጋውን እስኪመልስ ከሦስት እስከ አምስት ወር ይፈጅበታል፣ ገጣባውም ኮርቻ አይችልም። ያን ያህል ፈረስ በተሰበሰበበት ቦታ የያዘውን ሊሰጥ፣ የሌለውንም ሊያመጣ ይችላል። ዘንድሮ ሰንጋውን ይዘው ይውጡ፤ ዳማው ቤት ይቆይ።

ጋጣው መቼ? መስክ ላይ አምስቱም ቢያንስ ሁለት ሳምንት አብረው ከዋሉ በኋላ፣ ያውም መጀመሪያ በግንድ የተከፈለ ጋጣ ውስጥ፣ ዳማው በአንድ ወገን፣ አሮጊቷ ከአጠገቡ፣ ሰንጋው በሌላው ጫፍ። መስክ ላይ ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛው መተካከክ ነው፦ ዳማውና ሌላ ፈረስ ፊትና ኋላ ሆነው ቆመው አንዱ የሌላውን ጫንቃ በጥርሱ ሲያክ። ሁለተኛው መተኛት ነው። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል እንጂ ጠልቆ የሚተኛው ተጋድሞ ነው፣ ለዚያም ሌላው እየጠበቀው እንደሆነ ማመን አለበት። ያልተማመነ ፈረስ ለቀናት ሳይጋደም ይቆያል፤ ቆሞ ሲያንቀላፋ ጉልበቱ እየከዳው ይብረከረካል፣ የፊት ጉልበቱም ይላላጣል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጎኑን ይዩት፤ ጭድና እበት ተጣብቆበት ካገኙት ሌሊቱን ተጋድሟል። በተከፈለው ጋጣ ሦስት አራት ጠዋት በተከታታይ እንዲህ ካገኙት የሚከፍሏቸውን አግድም ግንዶች ማንሳት ይችላሉ። የታችኛውን ግንድ ግን ለተጨማሪ አንድ ሳምንት ይተዉት፤ ጋጣውም በሁለቱም ጫፍ በር ይኑረው።